ጉንፋኑ ሲገባ ስኳሩ ለምን ይወጣል?

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ማልዶ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ይሄዳል። ታክሲ ውስጥ አንዱ ሲያስል ሌላው ይቀበለዋል። ማታ ቤት ሲገባ በርና መስኮት ጥርቅም ነው፤ ኩበቱ ይጨሳል፣ አምስት ስድስት ሰው ምድጃውን ይከባል። ብርዱ ራሱ ጉንፋን አይፈጥርም። ቫይረሱ ግን እንዲህ ያለ የተፋፈገ ቤት ይመቸዋል።

ለአብዛኞቻችን ጉንፋን ያው ጉንፋን ነው። ጥቂት ቀን አንገላቶ ይሄዳል። ስኳር ላለበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስኳር ስላለብኝ ቫይረሱ ቶሎ ይይዘኛል ወይ?" ብሎ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው ግን መያዙ ሳይሆን ከተያዙ በኋላ የሚመጣው ነው። አንድ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ሰው ሳል እኩል ሊጋቡ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከሳምንት በኋላ ነው። ስኳር የሌለበት ሥራው ላይ ይሆናል፣ ያለበት ሆስፒታል አልጋ ላይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሳማ ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በካናዳ ኩቤክ ግዛት ጥናት ተደርጎ ነበር። ስኳር ያለበት ሰው በጉንፋኑ ሆስፒታል የመተኛት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ከተኛ በኋላ ደግሞ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት ዕድሉ አራት እጥፍ ገደማ ነበር። ከዚያ ኮቪድ መጣ። እኛ አገር የመጀመሪያው ታማሚ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ወራት በእንግሊዝ ሆስፒታሎች በኮቪድ ከሞቱት ሰዎች ሲሶው ስኳር ነበረባቸው። ከአገሩ ሕዝብ ስኳር ያለበት ግን ከሃያ ሰው አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ስኳር ያለባቸው ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ስለዚህ ዕድሜው ይሆናል የገደላቸው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ተመራማሪዎቹ ዕድሜን አስተካክለው ሲያሰሉትም በብዛት አዋቂዎችን በሚይዘው በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመሞት ዕድሉ እጥፍ ሆነ፤ ቆሽት ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባውን ኢንሱሊን ማምረት በሚያቆምበት በመጀመሪያው ዓይነት ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ከቻይና ሁቤይ ግዛት የወጣው ነው። እዚያ ስኳር ኖሮባቸው በኮቪድ ሆስፒታል የተኙ ሰዎች በሁለት ተከፍለው ታዩ። የደማቸው ስኳር በተኙበት ጊዜ ከ180 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ሳያልፍ ከቆየላቸው መቶ ሰዎች አንዱ ገደማ ሞተ። ከዚያ በላይ እየወጣ ካስቸገራቸው መቶ ሰዎች ግን አሥራ አንዱ። እርግጥ ስኳራቸው ያልወጣው ቀድሞውንም ሻል ያሉ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሆንም ልዩነቱ አፍ ያስይዛል። ስኳር አለብኝ ማለትና ስኳሬ ተበላሽቶብኛል ማለት አንድ አይደሉም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ቫይረስ ሲገባ ቀድመው የሚደርሱት ነጭ የደም ሕዋሶቻችን ናቸው። ደሙ ውስጥ ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲበዛ እነዚህ ሕዋሳት ይዝላሉ። ቦታው ላይ ቶሎ አይደርሱም፤ ደርሰውም ጠላትን የመዋጥና የመግደል አቅማቸው ይቀንሳል። በኋላ ደግሞ፣ ቫይረሱ ከተራባ ወዲያ፣ መልሱ ልክ ያጣል። መንዝ ውስጥ ጭላዳ ገብስ ላይ ሲወርድ አይታችሁ ይሆናል። ጠባቂው ተኝቶ ቆይቶ ከረፈደ ከነቃ ድንጋይ እየወረወረ ማሳው ውስጥ ይሯሯጣል፤ ጭላዳው ያልበላውን ገብስ ራሱ ይረግጠዋል። ሳንባ ውስጥም የሚሆነው ይኼው ነው። ጉዳቱ ከፊሉ ከቫይረሱ፣ ከፊሉ ከራሱ ከሰውነት ነው። በዚህ ላይ ስኳር ለዓመታት የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ ደም የመርጋት ዝንባሌው ይጨምራል። ኩላሊቱም ልቡም ቀድሞ ተዳክሞ ይጠብቃል። ከጉንፋኑ በኋላ ባክቴሪያ ተደርቦ የሳንባ ምች ሊያመጣም ይችላል።

ዋናው ጉዳይ ግን ወዲህ ነው። ስኳሩ ቫይረሱን እንደሚያበረታው ሁሉ ቫይረሱም ስኳሩን ያስነሣዋል። ይኼኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ሰውነታችን ሲታመም አደጋ መጣ ብሎ ይነሣል። ኮርቲሶልና አድሬናሊን የሚባሉትን ሆርሞኖች ይረጫል። ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ አዲስም ይሠራል። ያለው ኢንሱሊን ደግሞ እንደ ወትሮው አይታዘዝለትም። ጤነኛ ሰው ቆሽቱ ተጨማሪ ኢንሱሊን አምርቶ ያስታግሠዋል። ስኳር ያለበት ሰው ቆሽት ግን ይኼን አይችልም። ስለዚህ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀምሱ ውለው ሲለኩት 300 ያገኙታል። "ሳልበላ ከየት መጣ?" ይላሉ። ከጉበትዎ ነው የመጣው።

አንዲት እናት እናስብ። እትዬ አስካለ እንበላቸው፤ ስሙ የፈጠራ ነው። መሐል ሜዳ አካባቢ ይኖራሉ። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ጉንፋን ያዛቸው፣ ተኮሱ፣ እንጀራው ሸተታቸው። የመርፌው ሰዓት ሲደርስ ጎረቤታቸው ሰማች።

"ምነው እትዬ አስካለ፣ እህል ሳይቀምሱ መርፌ? ይጥልዎታል እኮ!"

ልጃቸውም ፈራ። "እማዬ፣ ዛሬስ ይቅርብሽ። ነገ ስትበይ ትወጊያለሽ።"

ቀረ። ማታም ቀረ። ሌሊቱን ውኃ ውኃ ሲሉ አደሩ። ሽንት እየደጋገመ አስነሣቸው። በማግሥቱ ማስመለስ ጀመራቸው። "ጨጓራዬ ተነሣ" አሉ፤ ሆዳቸውንም ቆረጣቸው። የፌጦ ፍትፍት ቀረበላቸው፣ እሱም አልረጋ አለ። ወደ ማታ አተነፋፈሳቸው ተለወጠ። ሩጫ ላይ እንዳለ ሰው ጥልቅና ፈጣን ሆነ። ትንፋሻቸው ከመጠን በላይ የበሰለ ፍሬ ይሸት ጀመር። ስማቸውን ሲጠሯቸው ዘግይተው "እህ" ይላሉ።

የተፈጠረው ይህ ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል እንጂ ሕዋሳቱ አይጠቀሙበትም። ሰውነት ተራብኩ ብሎ ስብ ያነዳል። ስቡ ሲነድ ኬቶን የሚባል አሲድ ይወጣል። አሲዱ ደሙን ይመርዘዋል። ሐኪሞች ኬቶአሲዶሲስ ይሉታል። በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። ለዚህ ሁኔታ ከሚዳርጉት ምክንያቶች ቀዳሚዎቹ ሁለት ናቸው፤ ኢንፌክሽንና ኢንሱሊን ማቋረጥ። እትዬ አስካለ ላይ ሁለቱ በአንድ ቀን ገጠሙ። ጨጓራ ነው የተባለው ማስመለስም ጨጓራ አልነበረም።

ጎረቤቲቱን መውቀስ ግን አይገባም። ያየችውን ነው የተናገረችው። መርፌ ተወግቶ ሳይበላ የቀረ ሰው ላብ አጥምቆት፣ እየተንቀጠቀጠ ሲወድቅ አይታለች። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ መፍትሔው ነው የተሳሳተው። መለካት ሲገባ ተቋረጠ።

መድኃኒቱም ሁሉ አንድ አይደለም። ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት የሚሠራው ደፍራሳ ኢንሱሊን ለሰውነት መሠረቱ ነው። ባይበሉም ሙሉ በሙሉ አይቆምም። መጠኑ እንደ ልኬቱ ሊቀነስ፣ ብዙ ጊዜም ሊጨመር ይችላል። ጥርት ያለው፣ ፈጥኖ የሚሠራው ደግሞ ከምግብ ጋር የሚሄድ ስለሆነ ካልበሉ መጠኑ ይታያል። ሁለቱ በአንድ ብልቃጥ ተቀላቅለው የሚመጡበት ዓይነትም አለ፤ እሱም ደፍራሳ ነውና ደፍራሳ ሁሉ አንድ አይምሰላችሁ። የትኛው እንደሆነ ብልቃጡን ይዞ ባለሙያ መጠየቅ ነው። ከእንክብሎቹ ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን ስለሚያስወጣ፣ ሳይበሉ ከዋጡት ስኳርን ክፉኛ ሊያወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር አይጥልም፤ ግን ማስመለስና ተቅማጥ ሰውነትን ካደረቀ፣ በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ፣ መጠጣት እስኪችል ድረስ ሐኪም ሊያስቆመው ይችላል። እዚህ ላይ የጎረቤት ምክር አያዋጣም። የራሳችሁን መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ጋ መደወል ያስፈልጋል።

በእንክብል ብቻ የሚታከመው የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሌላ መንገድ አለው። እንደ እትዬ አስካለ በሁለት ቀን አይጣደፍም። ስኳሩ ቀስ እያለ 600ም ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሽንቱ ሰውነትን አድርቆ ይጨርሳል። በተለይ አዛውንት ዝም ብለው ይተኛሉ፣ ይቃዣሉ። ቤተሰብ "እርጅና ነው፣ ትኩሳት ነው" ሲል ቀናት ያልፋሉ። ጋሼ ከወትሮው በላይ ካንቀላፉ፣ ስኳራቸውን መለካት ይቅደም።

በሕመም ቀን መለካት ማለት በየሦስት አራት ሰዓቱ ነው። ስትሪፕ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲያውም በዚህ ምክንያት ነው፣ ጤና በሆኑ ቀን በየሰዓቱ እየለኩ ፓኮውን ከመጨረስ ጥቂቱን ለሕመም ቀን ማስቀረት ይሻላል የምለው። መሣሪያ የሌለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይለካ። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል፤ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና። ከ250 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው፣ ሽንቱ ለኬቶን ይመርመርለት። ለሰዓታት ያስመለሰ፣ ውኃ ያልረጋለት፣ አተነፋፈሱ የተለወጠ ወይም የተደናገረ ሰው እስኪነጋ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ማድ ቤት እንግባ። ጉንፋን ሲይዝ ቤታችን የሚያውቀው ብዙ ነው። ማር በሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ። እዚህ አካባቢ ደግሞ አንድ መለኪያ አረቄ ሳይጋብዝ የሚሸኝ ሰው የለም። ዝንጅብሉና ዳማከሴው ከመድኃኒት እስካላዘናጉ ድረስ የሚጎዱ አይደሉም። ማር ግን ማር ነው፤ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ስኳርን ይሰቅላል። አረቄው ከሁሉም የከፋ ነው። አልኮል ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚይዘው፣ ምንም ሳይበላ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የወሰደ ሰው ላይ ሌሊት ስኳር ሊወድቅ ይችላል። አፉ አረቄ የሸተተ ሰው ሲንገዳገድ ደግሞ ማንም ስኳሩ ነው አይልም፤ ሰክሯል ብሎ ያስተኛዋል።

አጥሚቱስ? እሱ እንደ ልኬቱ ነው። ስኳሩ ከፍ ብሎ ከሆነ ቀጠን ብሎ፣ ማርና ስኳር ሳይገባበት ይጠጣ። እህል እምቢ ብሎ ስኳሩም ወደ 100 እየወረደ ከሆነ ግን ያው አጥሚት ትንሽ ጣፍጦ መምጣቱ ጥሩ ነው። ምግብ አልበላ ላለ ሰው ትንሽ ትንሽ እየቀመሰ መዋሉ መድኃኒቱንም እንዲወስድ ያስችለዋል። ከሁሉ በላይ ውኃ። በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ፣ ካስመለሰው በማንኪያ በማንኪያ። ጨው ጠብ ያለበት የሥጋ ወይም የአትክልት ሾርባም ይረዳል። ልብ ወይም ኩላሊቱ ታሞ ፈሳሽ የተለካለት ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጾምን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። በሁዳዴም ይሁን በረመዳን ትኩሳት ይዞት፣ ስኳሩ እየተናጠ ልጹም የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው። የንስሐ አባትን ወይም ሼኹን ማማከር ነው። ፀበል የሚሄድም ሰው መርፌውንና መለኪያውን ይዞ ይሂድ። ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ በሚያድርበት ቦታ ጉንፋን ይዛመታል፤ በዚያ ላይ መድኃኒቱ ቤት ከቀረ የእትዬ አስካለ ታሪክ ይደገማል።

አንድ የኛ አገር ጣጣ ደግሞ አለ። ሰሜን ሸዋ በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት የአየር ጠባይ ነው። መንዝና ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጣርማ በርን ተሻግረው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ሙቀት ይቀበላችኋል። ኢንሱሊን ሁለቱንም አይወድም። አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም ኃይሉ ሄዷል። በውርጭ ወራት መስኮት ሥር ወይም ውጭኛው ግድግዳ ላይ አይቀመጥ፤ ፍሪጅ ያለውም ከበረዶ ቤቱ ያርቀው። ቆላ ያለ ሰው ፍሪጅ ከሌለው እርጥብ አሸዋ በተከበበ ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያኑረው። ደፍራሳው ሲንከባለል እኩል መደፍረስ አለበት። ጓጓላ ነገር ከታየበት፣ ከግድግዳው ተጣብቆ ከቀረ፣ አይወጋ። የታመመ ሰው "ወግቻለሁ እኮ፣ ግን አልወርድ አለኝ" ካለ መጀመሪያ ብልቃጡ ይታይ።

ፋርማሲ ጎራ ብሎ "ለጉንፋን የሚሆን ስጠኝ" የሚል ሰውም ይጠንቀቅ። አሞክሳሲሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ቫይረስ አይገድልም። ስቴሮይድ የሚባሉት ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ስኳርን በጣም ያወጣሉ። ዴክሳሜታዞን ኦክስጅን ያስፈለገውን የኮቪድ ታማሚ ሕይወት እንደሚያተርፍ እ.ኤ.አ. በ2020 ተረጋግጧል፤ እሱ ግን ሆስፒታል ውስጥ፣ ስኳር እየተለካ ነው። ለተራ ጉንፋን በራስ ፈቃድ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ፓራሲታሞል በልኩ ለትኩሳቱ ይበቃል። ለባለ ሱቁም ለፋርማሲስቱም "ስኳር አለብኝ" ማለት አያሳፍርም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስኳር እንዳለበት ለሚያውቅ ሰው ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳወጣው ግን አፍሪካ ውስጥ ስኳር ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም። ብዙ ሰው ኮቪድ ይዞት ሆስፒታል ሲገባ ነው ስኳሩ የተገኘበት። ጉንፋን ይዞት ከወትሮው በላይ የሚጠማው፣ ሌሊት በሽንት የሚነሣ፣ የሚከሳ ሰው አንዲት ጠብታ ደም ይስጥ። ሳይበሉ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። በሕመም ቀን የወጣ ስኳር ሲሻል ሊወርድ ስለሚችል፣ ከዳነ በኋላ ተመልሶ መለካቱ እንዳይቀር።

ከጉንፋንና ከኮቪድ ሌላም አለ። አልማዝ ባለጭራ ስኳር ያለበትን ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ያለ ነው። ቲቢ ቫይረስ ባይሆንም ስኳር ዕድሉን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያሳድገዋል፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል በጉንፋን አይታለፍ። የጉበት ቫይረስ ደግሞ በራሱ በመለኪያው በኩል ሊመጣ ይችላል። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ መሣሪያ ተገዝቶ ለሦስት ሰው ሲያገለግል፣ የጣት መውጊያዋም አብራ ትዞራለች። ሄፓታይተስ ቢ ዓይን በማያየው የደም ጠብታ ይተላለፋል። መውጊያውም መርፌውም የየራስ ነው፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ። ክትባቱ አለ። ልጆች በመደበኛው ክትባት ያገኙታል፤ አዋቂ ሰው ተመርምሮ ከሌለበት በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይወጋል። የኮቪድና የጉንፋን ክትባት የት እንደሚገኝም አብሮ መጠየቅ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው እንዲወስዳቸው ከሚመከሩት ውስጥ ነውና።

ቀጣዩ ቀጠሮ ሲደርስ፣ ጤና በሆናችሁበት ቀን፣ ሐኪሙን እንዲህ በሉት፦ "ብታመምና መብላት ቢያቅተኝ የትኛውን መድኃኒት ልቀጥል፣ የትኛውን ላቁም? ስንት ሲሆን ስንት ልጨምር፣ ስንት ሲሆን ልቀንስ? ስንት ላይ ሲደርስ ልምጣ?" መልሱን በወረቀት ያስጽፉ። የታመመው ሰው ማንበብ ላይችል ስለሚችል ከቤቱ ማንበብ የሚችል ልጅ ይወቀው። ሌሊት መኪና የሚገኝበት ስልክም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከገጠር ቀበሌ ሆስፒታል ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ከመድኃኒቱ እኩል ይቆጠራል።